የጀርመን ፖርሲሊን መሰብሰብ ለምትፈልጉ፦ ማህተሙን መጨረሻ እዩት

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ውስጥ ቆም ብላችሁ ሰውን ታዘቡ። ሳህን ያነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ታቹን ማየት ነው። ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎች፣ ማለትም የዝነኛውን የማይሰን ፋብሪካ ማህተም፣ ካገኘ ፊቱ ይበራል። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን ፖርሲሊን ከሁሉም ነገር ለመኮረጅ የሚቀለው ማህተሙ ነው። ጭቃውን መኮረጅ ይከብዳል፤ የሠዓሊውን እጅ መኮረጅ ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ሁለት መስመር ማጣመር ግን ማንም አያቅተውም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ገበያው ከለመደው ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ፣ ከዚያ ጭቃው፣ ከዚያ ሥዕሉ፣ ማህተሙ መጨረሻ። ዋጋውና አያያዙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ታሪኩን እወቁ

ታሪኩን የምታነቡት ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። አንድ ሻጭ «ይሄ የ1705 የማይሰን ሲኒ ነው» ቢላችሁ፣ በ1705 ማይሰን ውስጥ ፋብሪካ እንዳልነበረ ካወቃችሁ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

በ1700 አካባቢ እውነተኛውን ጠንካራ ነጭ ፖርሲሊን መሥራት የሚችል አውሮፓዊ አልነበረም። ዕቃው ከቻይናና ከጃፓን በመርከብ ይመጣል፤ ነገሥታቱ ደግሞ ይሻሙበታል። ከሁሉም የባሰበት የጀርመኗ ግዛት የሳክሶኒ ገዢና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ኃያሉ አውግስጦስ ነው። ሱሱን ራሱም አልካደም፤ «የፖርሲሊን በሽታ» ብሎታል። በ1717 ከፕሩሲያው ንጉሥ 151 የቻይና ፖርሲሊን ዕቃ ወስዶ በምትኩ 600 ወታደር ሰጠ። ከዕቃዎቹ መካከል ያሉት ትልልቅ ማሰሮዎች እስከ ዛሬ «የድራጉን ማሰሮዎች» ይባላሉ። ድራጉን ፈረሰኛ ወታደር ነው እንጂ ዘንዶ አይደለም፤ ማሰሮው ላይ ዘንዶ የሚፈልግ ጎብኚ አይጠፋም።

በዚህ መሃል ዮሐን ፍሬድሪሽ ቦትገር የሚባል ወጣት ብቅ አለ። በርሊን ውስጥ ከመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሥራ የሚለማመድ ልጅ ነበር። ተራ ብረት ወደ ወርቅ እለውጣለሁ ብሎ አስወራ። ወሬው ከፕሩሲያው ንጉሥ ጆሮ ሲደርስ በ1701 ሸሽቶ ሳክሶኒ ገባ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነበት። አውግስጦስ ያዘውና ዘጋበት፤ ወርቁን ሥራ አለው። አንዴ አምልጦ ነበር፤ ተይዞ ተመለሰ። ወርቁ ግን ወይ ፍንክች!

ያዳነው ሌላ ሰው ነው። ኤረንፍሪድ ቫልተር ፎን ቺርንሃውስ የሒሳብና የተፈጥሮ ሊቅ ነበር፤ የፖርሲሊንን ምስጢር ለማግኘት ለዓመታት ደክሟል። ቦትገር ከእሱ ጋር እንዲሠራ ተደረገ። መጀመሪያ የተሳካላቸው ቀይ ዕቃ ነው። እሱም በጣም ከመጠንከሩ የተነሳ እንደ ከበረ ድንጋይ የሚቆረጥና የሚወለወል ነበር። ከዚያ ነጩ መጣ። ከጃንዋሪ 1708 የተረፈ የሙከራ ማስታወሻ ነጩን ጭቃ እንዴት እንደቀላቀሉት ያሳያል። ቺርንሃውስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሞተ። ቦትገር በማርች 1709 ነጭ ፖርሲሊን መሥራት እንደሚችል ለንጉሡ አሳወቀ። የፋብሪካው አዋጅ በጃንዋሪ 1710 ወጣ፤ ሥራውም በዚያው ዓመት ማይሰን ከተማ ወዳለው አልብሬሽትስቡርግ ግንብ ገባ። ግንቡ የተመረጠው ምስጢር ለመጠበቅ ነው።

ግኝቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። በእኔ አስተያየት ያለ ቺርንሃውስ እውቀት ቦትገር የትም አይደርስም ነበር። ሥራውን እስከ ፋብሪካ ያደረሰው ግን ቦትገር ነው። ነጻ የወጣው በ1714 ነው። በ1719 ሲሞት 37 ዓመቱ ነበር።

ግንብም ሆነ ዘበኛ ምስጢሩን ለረጅም ጊዜ አላቆየውም። ሠራተኞች ወደ ቪየና ኮበለሉ፤ እዚያም በ1718 ተፎካካሪ ፋብሪካ ተከፈተ። ከኮብላዮቹ አንዱ ሳሙኤል ሽቶልትሰል በ1720 ተጸጽቶ ሲመለስ ባዶ እጁን አልመጣም። ዮሐን ግሬጎሪዩስ ሄሮልድት የሚባል ወጣት ሠዓሊ ይዞ መጣ። ማይሰንን በቀለም ያስጌጠው ይህ ሰው ነው። በ1731 ደግሞ የቅርጽ ሠሪው ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር ገባ፤ እስከሞተበት 1775 ድረስም እዚያው ሠራ። ትንንሾቹን የሰውና የእንስሳት ምስሎች ዝነኛ ያደረገ እሱ ነው። ለሳክሶኒው ሚኒስትር ለቆንት ብሩል የሠራው የስዋን የገበታ ዕቃ (ስዋን የዝይ ዘመድ የሆነ ወፍ ነው) ከ1737 እስከ 1742 ወስዷል፤ ከ2000 በላይ ዕቃ ነበረው። የሄሮልድትን ቀለምና የኬንድለርን ቅርጽ ካወቃችሁ የ18ኛውን መቶ ዓመት ግማሽ አወቃችሁ ማለት ነው።

ሌሎቹ መሳፍንት ዝም አላሉም። በ1746 ሆክስት፣ በ1747 ፉርስተንበርግና የባቫሪያው ኒምፈንቡርግ፣ በ1755 ፍራንከንታል፣ በ1758 ሉድቪግስቡርግ ተከተሉ። በርሊን ውስጥ በ1751 እና በ1761 ሁለት ነጋዴዎች ሞክረው አልዘለቁም፤ በ1763 ታላቁ ፍሬድሪክ ራሱ ገዝቶ የንጉሡ ፋብሪካ አደረገው። ቱሪንጂያ ውስጥ ግን ነገሩ የመሳፍንት አልነበረም። እዚያ ጌኦርግ ሃይንሪሽ ማኬላይድ የራሱን ቅይጥ በራሱ ሙከራ አገኘ፤ በ1760 አካባቢም የፎልክሽቴት ፋብሪካ ተነሳ። የቱሪንጂያ ዕቃ ረከስ ያለ ነበርና ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በዚህ በኩል ነው።

ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያለው የፋብሪካ ዘመን ነው። ሁሸንሮይተር በ1814 ሆሄንበርግ ውስጥ፣ ሮዘንታል በ1879 ዜልብ አጠገብ ተመሠረቱ፤ ሁለቱም ባቫሪያ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ዕቃ የዚህ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፦ ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ

«የጀርመን ፖርሲሊን እሰበስባለሁ» ማለት ምንም አለማለት ነው። አጥብቡት። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ወይም አንድ ጥለት ምረጡ። ያጠበበ ሰው ቶሎ ይማራል፤ የተማረ ሰው ደግሞ ገንዘቡ አይበላበትም።

ለሐበሻ አንባቢ የምጠቁመው ሲኒን ነው። የማይሰን የመጀመሪያ ዘመን የቡናና የሻይ ሲኒዎች ብዙዎቹ እንደኛው ሲኒ እጀታ የላቸውም፤ የምሥራቁን ቅርጽ ነው የተከተሉት። ትንሽ ናቸው፤ ቦታ አይፈጁም። ከነማስቀመጫ ሳህናቸው ደርድራችሁ የመቶ ዓመት የሥዕል ለውጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ማየት ትችላላችሁ። የዘመኑ ኦሪጅናል ውድ ነው። የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዓመት ሲኒ ግን ደሞዝተኛም ይደርስበታል።

ኪሳችሁ የማይፈቅድ ከሆነ በ20ኛው መቶ ዓመት ዲዛይን ጀምሩ። ትሩደ ፔትሪ በ1931 ለበርሊኑ ፋብሪካ የነደፈችው «ኡርቢኖ» የገበታ ዕቃ አንድም አበባ የለውም፤ ሁሉም ነገሩ ቅርጹ ነው። የሮዘንታሉ «ታክ» የሻይ ዕቃ በ1969 የወጣ ሲሆን ንድፉ ከአርክቴክቱ ከቫልተር ግሮፒየስ ቢሮ ነው። እንዲህ ያለውን የሚኮርጅ ብዙ ሰው የለም፤ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሑመል ልጆች የሚባሉት ትንንሽ ምስሎች ከ1935 ጀምሮ በጎቤል ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። የተወደዱ ናቸው፤ ግን ፖርሲሊን አይደሉም። ሸክላ ናቸው፤ በብዛት ስለተሠሩም ዋጋቸው ወርዷል። ከወደዳችኋቸው ግዙ። ለትርፍ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ሦስተኛ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ዓይናችሁን አሠልጥኑ

ዓይን የሚሠለጥነው ትክክለኛውን ደጋግሞ በማየት ነው። ፎርጅድ እያዩ ኦሪጅናል አይታወቅም። ጀርመን ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ድሬስደን ውስጥ ትስቪንገር ቤተ መንግሥት ያለው የፖርሲሊን ስብስብ ወደ 20,000 የሚጠጋ ዕቃ አለው፤ መነሻው ያው የአውግስጦስ «በሽታ» ነው። ማይሰን ከተማ ያለው ፋብሪካ ሙዚየምም የሥራ ማሳያ ክፍሎችም አሉት። ጭቃው ሲቀረጽ፣ ሥዕሉ ሲሣል ፊት ለፊት ታያላችሁ። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሆክስት ዛሬ የፍራንክፈርት አንድ ሰፈር ነው፤ ክሮንበርገር ሃውስ በሚባለው ቤት የሆክስት ፖርሲሊን ይታያል።

በሙዚየም መስታወት ጀርባ ያለ ዕቃ አይዳሰስም። ስለዚህ ወደ ጨረታ ቤቶች ሂዱ። ከጨረታው በፊት ባሉት ቀናት ዕቃው ለሕዝብ ይታያል፤ መግዛት ግዴታ አይደለም። «ይሄን ላየው እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይሰጧችኋል። ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። እጀታውን ወይም የምስሉን ክንድ አትያዙ፤ ሆዱን በሁለት እጅ ያዙ። በነጻ የሚገኝ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

አራተኛ፦ ጭቃውን አንብቡ

ጠንካራው ፖርሲሊን ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ካኦሊን ከሚባል ነጭ ጭቃ፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ። አንዴ በአነስተኛ ሙቀት ይጠበሳል። ከዚያ መስታወት መሰል ልባስ ይነከራል፤ ከዚያም ወደ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ይተኮሳል። በዚህ ሙቀት ጭቃውና ልባሱ ይዋሃዳሉ። የሚከተሉት መለያዎች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሱት፤ ጣታችሁን ከኋላው አድርጉ። ስስ ቦታው ላይ የጣታችሁ ጥላ መታየት አለበት። ሸክላ ብርሃን አያሳልፍም። ወፍራም ምስልና ትልቅ ማሰሮ ላይ ግን ይህ ፈተና አይሠራም።

በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ጠርዙን ነካ አድርጉት። ጤነኛ ዕቃ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ።

የእግሩን ክብ ጠርዝ እዩ። ዕቃው ምድጃው ውስጥ የተቀመጠበት ነውና እዚያ ላይ ልባስ የለም። እርቃኑን ጭቃ የምታዩበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ድፍን፣ ደቃቅና ጠንካራ መሆን አለበት። ጥፍር የሚይዘው ሻካራ አፈር መሰል ነገር ከሆነ፣ ውሃ ጠብ ሲልበትም የሚመጥ ከሆነ ሸክላ ነው። ልባሱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ መሰነጣጠቅ በጠንካራ ፖርሲሊን ላይ እምብዛም አይታይም፤ በሸክላ ላይ ግን የተለመደ ነው።

ቀለሙም ይናገራል። የቦትገር ዘመን ነጭ ወደ ክሬም ያደላል። የኋለኛው የማይሰን ነጭ ቀዝቃዛ ነው። የቱሪንጂያው ብዙ ጊዜ ግራጫ ይቀላቀልበታል። ይህን በጽሑፍ ማስተማር አይቻልም፤ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን ካያችሁት ግን ወዲያው ይገባችኋል።

አምስተኛ፦ ሥዕሉን በአጉሊ መነጽር

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ግዙ። ርካሽ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ የምትጠይቁት፦ ቀለሙ ከልባሱ ሥር ነው ወይስ በላዩ? ኮባልት የሚባለው ሰማያዊ የ1400 ዲግሪውን እሳት ስለሚችል ከልባሱ ሥር ይሣላል። ጣታችሁን ብታንሸራትቱ አይሰማችሁም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ወርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከልባሱ በላይ ተሥለው በአነስተኛ ሙቀት እንደገና የሚተኮሱ ናቸው። በጣት ይሰማሉ፤ ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ይታያሉ፤ በአጠቃቀምም ይፋቃሉ።

ቀጥሎ፦ በእጅ የተሣለ ነው ወይስ የታተመ? የሠዓሊ ብሩሽ ሲጀምር ይወፍራል፤ ሲጨርስ ይቀጥናል። ሁለት ቅጠል አንድ አይሆንም። የታተመው በመነጽር ሲታይ ነጠብጣብ ነው፤ ወይም ውፍረቱ የማይለዋወጥ መስመር ነው። ብዙ የ20ኛው መቶ ዓመት ዕቃ መስመሩ ታትሞ ውስጡ ብቻ በእጅ ተቀብቷል። ይህ ነውር የለውም፤ ነውሩ «ሙሉ በእጅ የተሣለ» ብሎ መሸጡ ነው።

ስለ ሽንኩርት ጥለት ካላነሳሁ መመሪያው ጎዶሎ ይሆናል። በ1740 አካባቢ ማይሰን ከቻይና ሥዕል ወስዶ የሠራው ሰማያዊ ጥለት ነው። ሮማኑንና ኮኩን አውሮፓውያኑ ሽንኩርት መስሏቸው ስሙ በዚያው ቀረ። ጥለቱን በርካታ ፋብሪካዎች ገለበጡት። ኩረጃው ሲበዛ ማይሰን በ1888 ሰይፎቹን ከፊት ለፊት፣ ከቀርከሃው ግንድ ሥር መሣል ጀመረ። ስለዚህ ሽንኩርት ጥለት ስታገኙ ከመገልበጣችሁ በፊት ቀርከሃውን እዩ። ጥለቱን በመውደድ ብቻ ከሆነ የሌሎቹ ፋብሪካ ሥራም ያምራል፤ ዋጋውም ይቀላል።

ስድስተኛ፦ አሁን ገልብጡት

እስካሁን ጭቃው «ጠንካራ ፖርሲሊን ነኝ»፣ ሥዕሉ «በእጅ የተሣልኩ ነኝ» ካላችሁ ማህተሙን ማየት ትችላላችሁ። ማህተሙ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጭቃውና ሥዕሉ ካሉት ጋር ይስማማል?

የማይሰን ሰይፎች ከሳክሶኒ የጦር ጋሻ ዓርማ የተወሰዱ ሲሆን ከ1722 እና 1723 ጀምሮ ይሠራባቸዋል። በእጅ፣ በሰማያዊ፣ ከልባሱ ሥር ይሣላሉ። ከልባሱ በላይ የተሣለ ሰይፍ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ከጥንት ጥቂት እንዲህ ያለ ቢኖርም ለጀማሪ አደገኛ ነው። ዘመኑን የሚለዩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። በእጀታዎቹ መካከል ነጥብ ካለ ከ1763 እስከ 1774 ነው። ኮከብ ካለ የፋብሪካው ኃላፊ የነበረው የቆንት ማርኮሊኒ ዘመን፣ ከ1774 እስከ 1815። የሰይፉ እጀታ ጫፍ ላይ ድብልብል ነገር ካለ የ19ኛው መቶ ዓመትና እስከ 1924 ያለው ነው። ነጥቡ በጫፎቹ መካከል፣ ከላይ በኩል ከሆነ ከ1924 እስከ 1934። በ18ኛው መቶ ዓመት ምስሎች ላይ ማህተሙን ከታች አጥታችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ ሆኖ በመቆሚያው የኋላ ዳር ላይ ይገኛል።

በሰይፎቹ ላይ የተፋቀ ጭረት ካለ ፋብሪካው ራሱ ዕቃውን ከአንደኛ ደረጃ ዝቅ አድርጎታል ማለት ነው። ጭረቱ በጥፍር ይሰማል። ሻጭ በጣቱ ሸፍኖ የሚያሳያችሁ ይህን ነው። ጭረት ያለበት ዕቃ አይገዛ አልልም፤ ዋጋው ግን ጭረቱን መቁጠር አለበት።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። «ድሬስደን» እና «ማይሰን» አንድ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዓመት ድሬስደን ውስጥ ነጭ ዕቃ እየገዙ በማይሰን ስልት የሚሥሉ በርካታ ቤቶች ነበሩ። በ1883 አራቱ ተባብረው ዘውድና «ድሬስደን» የሚል ማህተም አስመዘገቡ። ከመካከላቸው የተዋጣላቸው አሉ፤ በራሳቸው መሰብሰብም ይቻላል። ሄለና ቮልፍዞን የምትባለው ድሬስደናዊት ነጋዴ ደግሞ የንጉሡን ስም ምሕጻር፣ የተጠላለፉትን ኤ እና አር ፊደሎች፣ በዕቃዋ ላይ ታደርግ ነበር። ማይሰን ከሶ አስቆማት። ኤ እና አር ያለበት፣ አበባና ፍቅረኞች የተሣሉበት ሲኒ ካያችሁ ከአውግስጦስ ቤት የወጣ ነው ብላችሁ አትዝለሉ፤ ይበልጥ የሚቀርበው የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ መሆኑ ነው። ፓሪስ የነበረው የሳምሶን ቤትም ማይሰንን ጨምሮ የሁሉንም ፋብሪካ ሥራ ይገለብጥ ነበር።

«ማይሰን» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎ ሰይፍ ከሌለ ደግሞ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ የነበረው የታይሸርት ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ከተማው አንድ ነው፤ ፋብሪካው ሌላ። ኬ.ፒ.ኤም. (የበርሊኑ የንጉሥ ፋብሪካ ስም ምሕጻር) የሚሉት ፊደሎችም እንዲሁ ናቸው። የበርሊኑ የንጉሥ ፋብሪካ ዋና ምልክት ሰማያዊ በትረ መንግሥት ነው። ፊደሎቹን ብቻ ካያችሁ የሲሌዢያው ክሪስተር ፋብሪካም ተጠቅሞባቸዋል።

የሌሎቹ ማህተሞች ቀለል ይላሉ። ሆክስት የሠረገላ ጎማ ነው። ፉርስተንበርግ በሰማያዊ የተሣለ የላቲን ኤፍ ፊደል ነው። ኒምፈንቡርግ የባቫሪያ ጋሻ ነው፤ በቀለም ሳይሆን ጭቃው ላይ ተጭኖ ነው የሚታተመው። ሉድቪግስቡርግ ሁለት የተጠላለፉ ሲ ፊደሎች ከዘውድ በታች።

አገር ስምም ዘመን ይናገራል። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲጽፍ አስገደደች። ስለዚህ «ጀርመኒ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ «የ1800 ነው» ቢባል ውሸት ነው። «የአሜሪካ ዞን» የሚል ካለበት ከጦርነቱ ማብቂያ እስከ 1949 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚለው ከ1949 እስከ 1990 ነው። እነዚህን ሦስቱን ብቻ በቃላችሁ ብትይዙ ገበያ ውስጥ ከብዙ ውሸት ትድናላችሁ።

ሰባተኛ፦ ጉዳት ፈልጉ

የእጅ ስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከጎን በኩል አሳዩት። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚታየው እንዲህ ነው። ምስል ከሆነ ጣቶችን፣ አበባዎችንና የባርኔጣ ጠርዝን አንድ በአንድ እዩ፤ የሚሸረፈው እዚያ ነው።

ጥገናን ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። የተቀባ ጥገና ሲነካ ከልባሱ ይልቅ ለስለስና ሞቅ ይላል። የገበያ ሰዎች በጥርስ ነካ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ እናንተ ግን ዕቃውን መጀመሪያ ጥረጉት። የአልትራቫዮሌት ባትሪ ካላችሁ ጨለማ ቦታ አብሩበት። አዲስ ሙጫና ቀለም ከቀሪው አካል ተለይቶ ይታያል።

ከ18ኛው መቶ ዓመት ምስል ላይ አንድ ጣት ቢጎድል ያለ ነው፤ አትበሳጩ። በፋብሪካ ዘመን ሳህን ላይ ግን ሽርፈት ካለ ተዉት። ያልተሸረፈው ነገ ይገኛል።

ስምንተኛ፦ ግዢ

ጀርመን ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ዕድል የሚገኘው የሰው ቤት ሲፈርስ፣ ማለትም ወራሾች የአያታቸውን ዕቃ በጅምላ ሲያወጡ ነው። የዛሬ ወጣት ባለ ወርቅ ጠርዝ የ12 ሰው የገበታ ዕቃ አይፈልግም፤ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባማ። በዚህ ምክንያት ሙሉ የገበታ ዕቃ ዋጋው ወርዷል። ለመብላት የሚፈልግ ሰው ጊዜው አሁን ነው። ነጠላ ሲኒ፣ ጥሩ ምስልና ቀደምት ዕቃ ግን ሌላ ገበያ ነው።

በጨረታ ስትገዙ መዶሻው የመታበት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። የቤቱ ኮሚሽን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ መላኪያና ቀረጥም አለ። ከመግባታችሁ በፊት ሁሉንም ደምራችሁ ጣሪያችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። የጨረታ ሙቀት ሰው ያሳብዳል። በኢንተርኔት ከሆነ የእግሩን ጠርዝ፣ የማህተሙንና በጎን ብርሃን የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። «ፎቶ ማንሳት አልችልም» የሚል ሻጭ መሸጥም አያስፈልገውም።

ውድ ዕቃ ከሆነ ከ1933 እስከ 1945 የት እንደነበረ ጠይቁ። ከትልልቆቹ የማይሰን ሰብሳቢዎች ብዙዎቹ አይሁዳውያን ነበሩ፤ ዕቃቸውን ናዚዎች ነጥቀዋል ወይም በግድ አሽጠዋል። የኦፐንሃይመር ባልና ሚስት የማይሰን ስብስብ ለወራሾች ተመልሶ በ2021 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢ ጨረታ ቤት ሲሸጥ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የባለቤትነት ታሪኩ በወረቀት የተያያዘ ዕቃ ዋጋው ይጨምራል፤ ሕሊናንም አይከነክንም።

ዘጠነኛ፦ አያያዝ

በእጅ እጠቡ፤ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና። ገንዳው ውስጥ ፎጣ አንጥፉ። የተጠገነ ዕቃ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ ሙጫው ይለቃል። ወርቅ ያለበት ማይክሮዌቭ አይገባም። የሲኒ ውስጥ የቡና እድፍ በቤኪንግ ሶዳና በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል፤ ብረት መፈግፈጊያ የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ። ሳህኖች ሲደራረቡ በየመካከሉ ጨርቅ ወይም ወረቀት አድርጉ፤ ሲኒ በሲኒ ላይ አይደረደርም። ግድግዳ ላይ ለመስቀል በስፕሪንግ የሚወጥር ሽቦ አትጠቀሙ፤ ጠርዙን ይሸርፋል።

ከልባሱ በላይ የተሣለ አሮጌ ሳህን ላይ ሎሚና ቲማቲም ያለው ምግብ አታቅርቡ። የድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

መጨረሻ ላይ ደብተር ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የተገዛበትን ቀን፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ ልክ፣ ያለበትን ጉዳትና የማህተሙን ፎቶ መዝግቡ። ደረሰኙንም አያይዙ። ቁጥሩን ዕቃው ላይ በማርከር አትጻፉ፤ ትንሽ ወረቀት በክር አንጠልጥሉ። ተለጣፊ ወረቀት ከወርቅ ላይ ሲላጥ ወርቁን ይዞ ሊነሳ ይችላል።